ሐረጎ ባሕር ሲባል

ደሴ፥ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትየ ሁስኒያ፥

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይህ ወረቀት በጤናና በደስታ ላይ ሆነው ያግኝዎት። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴ ፒያሳ ሱቁን ከፍቶ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጋር ይውላል። ስለ እርስዎ ሲያወራ አሁንም «ትንሿ እህቴ» ነው የሚለው፤ ሻርጃ ሱቅ የከፈቱ ሴትዮ መሆንዎን ልቡ አልተቀበለውም። እናቴ መርየም ጉልበቷን ያማታል። ወንድሜ ሙንዚር ደግሞ የዓረብ አገር ፀጉር ተቆርጦ፥ የቀረው ቪዛው ብቻ ነው።

በወረቀት መጻፌ አይግረምዎት። የስልኩ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት ሆነው። ሲደውሉ ደግሞ ቤተሰቡ ተራ ይይዛል፤ እኔ ጋ ሲደርስ «በይ ቻው» ብቻ ይተርፋል። ነጋዴው ሙዓዊያ ወደዚያ ስለሚመላለስ ወረቀቱንም ሥዕሎቼ ያሉበትን ፍላሽም ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ታብሌቱ ከነብዕሩ ደርሶኛል። አላህ እጥፍ አድርጎ ይክፈልዎት። ዩኒቨርሲቲ ስንማር አንድ ኮምፒዩተር ለግማሽ ክፍል ነበር፤ ሌላው በካሬ ወረቀት ላይ ይስላል፥ ሲሳሳት ላጲሱ ወረቀቱን ይበላዋል። አሁን የተሳሳትኩትን መስመር በጣቴ መልሼ አነሳዋለሁ። ቀለም ብቀይር ቀለም አይባክንም። የመጀመሪያው ሳምንት እናቴ «ይቺ ልጅ መስታወት ትፍቃለች» ብላ ለጎረቤት ተናገረች።

ፍላሹ ላይ ከሚያዩዋቸው ሥዕሎች የምወደው ሐረጎን ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ መንገዱ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ያውቁታል። ልጅ ሳሉ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ያስመልስዎት እንደነበር አባቴ ነግሮኛል፥ አፉ ይበሉኝ። እኔ መንገዱን እንደ አሞራ ከላይ ሆኜ ሳልኩት። እያንዳንዱ መታጠፊያ አንድ መስመር ነው። ከላይ የደሴ ጉም ግራጫ፥ ወደታች ሲወርድ የኮምቦልቻ ማሽላ ቀይ። ይህን ለሻርፕ አስቤዋለሁ፤ ሴት ትከሻዋ ላይ ስትጥለው መንገዱ ከአንገቷ ወደ ወገቧ እንዲወርድ።

የጨርቅ ሥዕል እንደ ግድግዳ ሥዕል አይደለም፥ እትየ። አንዲት ካሬ ብቻ ናት የምትሳለው። እሷ ከራሷ ጋር እየተጋጠመች ጣቃውን ሙሉ ትሸፍናለች። አንዱ ጠርዝ ሌላውን ካላወቀው ጨርቁ የተቀደደ ይመስላል። የሐረጎ ጠርዝ ገና አልገጠመልኝም፥ እየታገልኩት ነው።

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። አንዱ፥ እዚያ ማተሚያ ቤት ካወቁ አንድ ሻርፕ ያሳትሙልኝ። ጨርቅ ላይ ሳላየው ሥራዬን አላምነውም። ሁለተኛው፥ ለማንም እንዳያሳዩብኝ። በክረምት ኮምቦልቻ ያለ ጨርቅ ማተሚያ ፋብሪካ ዲዛይነር ይቀጥራል፤ ሐረጎን ይዤ ነው የምቀርበው። ከአባቴ ሱቅ ወጥቼ በሙያዬ የምኖርበት በር እሱ ነው። አደራ፥ አማና ብዬዎታለሁ።

ለዊዳድ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ፋሽን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት መድረሷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሩሚሳ


ሻርጃ
ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሚሳ፥

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፥ እጅሽን ከዓይን ይጠብቀው። እኛ ደህና ነን፥ ሹክር ለአላህ። ሥራው ብቻ ነው መተንፈሻ ያሳጣን።

ወላሂ ሥዕልሽን ሳይ እንባዬ መጣ። የማስመለሱን ነገር ግን ወንድሜ ዓብደላ ሊያወራው አይገባም ነበር፤ እሱም ያስመልሰው ነበር፥ እሱን ጠይቂው። ዊዳድም አየችው። አማርኛዋ እንደምታውቂው ነው፥ «ማማ፥ ይሄ መንገድ ነው እባብ ነው?» አለችኝ። መንገድ ነው አልኳት። ብዙ ቆማ አየችው።

ማተሚያ ቤት አነጋግሬያለሁ። ሰውየው የላክሽው የተዘጋ ነው አለኝ። ቀለም አይነካም፥ መስመር አይንቀሳቀስም። የተከፈተውን ላኪልኝ፥ ያንን አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበውን፥ ንብርብሩ ለየብቻ የሚነሳውን። ስሙን ዊዳድ ነግራኝ ነበር፥ ረሳሁት። የሌሎቹንም ሥዕሎች እንዲሁ አድርገሽ ላኪ። ሥዕሉ ምን እንደሆነ፥ ከምን እንዳመጣሽውም ከጎኑ ጻፊበት፤ ሰው ሲጠይቀን የምንለው እንዲኖረን።

የሙንዚርን ነገር እየተሯሯጥኩ ነው። ፓስፖርቱን ያውጣ። እኛ የነጋዴ ዘር ነን፥ አንዱ አንዱን ሳይስብ ቆሞ አያውቅም።

አክስትሽ ሁስኒያ


ደሴ
የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትየ ሁስኒያ፥

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ደጃፍ ላይ ነው፤ አላህ በደህና ያስጀምረን፥ በደህና ያስጨርሰን።

ሐረጎ ገጠመ! ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ሴትዮ ከአባቴ ጋር በከፋይ ጨርቅ ዋጋ ስትከራከር ነው የገጠመልኝ። ካሬዎቹን ጎን ለጎን ትክክል አድርጌ ስደረድር መንገዱ ይሰበር ነበር። የቀኙን ዓምድ ግማሽ ዝቅ ሳደርገው መንገዱ ከአንዱ ካሬ ወጥቶ ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ወረደ። ጮኼ ብድግ ስል ሴትዮዋ ደንግጣ በአባቴ ዋጋ ገዛች። «በየቀኑ ጩኺልኝ» አለኝ አባቴ።

የገጠመውን ሐረጎ ልኬልዎታለሁ። አሁንም የተዘጋው ነው፥ አይቀየሙኝ። የተከፈተው ፋይል ሥዕሉ ብቻ አይደለም። የሠራሁበት መንገድ ሁሉ፥ የሰረዝኩት፥ የደበቅኩት፥ የሞከርኩት ቀለም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። እሱን የያዘ ሰው ሥራዬን በአንድ ቀን የራሱ ሊያስመስለው ይችላል። ለማተም ደግሞ የተዘጋው ይበቃል፤ ይህንን ተምሬዋለሁ። ሰውየው የቀለም ለውጥ ካለው ይንገረኝ፥ እዚህ ሆኜ ለውጬ እልካለሁ።

እርስዎን ስላላመንኩ አይደለም። ሰውየውን ስለማላውቀው ነው።

የሥዕሎቹንም ነገር ጠይቀውኛል፤ ሐረጎ ሐረጎ ነው። ከምን አመጣችው ለሚልዎት ሰው ከደጃፏ ይበሉት።

ሙንዚር ፓስፖርቱን አውጥቷል። ፎቶው ላይ የታሰረ ሰው ይመስላል።

ሩሚሳ


ሻርጃ
ሚያዝያ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሩሚሳ፥

ወዓለይኩሙ ሰላም። ዒዱን እንዴት አሳለፋችሁ? እኛ በሥራ አሳለፍነው።

ያልሽውን ተረዳሁ። የተማረ ሰው ጥንቃቄው ብዙ ነው፥ ማሻአላህ። ማተሚያ ቤቱ የተዘጋውን አላትምም ስላለ ሻርፑ አልታተመም።

የሙንዚር ቪዛ ትንሽ ተጓቷል። የሰው ልብ ክፍት ሲሆን የአላህም በር ክፍት ነው፥ የሚዘጋው ነገር ሲበዛ ግን እኔም አቅም የለኝም። ዊዳድ የኮሌጁ ዐውደ ርእይ ስለደረሰባት እንቅልፍ አጥታለች፥ ዱዓ አድርጉላት።

ዓብደላን ይደውልልኝ በይው። ለብቻው ሲሆን፥ ሱቅ ሳለ።

ሁስኒያ


ደሴ
ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትየ ሁስኒያ፥

አሰላሙ ዓለይኩም።

ትናንት ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር፥ ለፋብሪካው ቃለ መጠይቅ። የተማርኩት ለዚያች ቀን ነበር ብል አልዋሸሁም። ሐረጎን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ታብሌቱን ደሴ ትቼው ነበር የሄድኩት፥ ሚኒባስ ላይ እንዳይሰበርብኝ።

የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ይባላሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ስዘረጋው ብዙ አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ነገር ፈለጉ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ገና ሳምንታት ናቸው፥ ሰው ሁሉ የከረመበትን እያየ ነው። ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት።

ዊዳድ ነበረች። ነጭ ሒጃብ አድርጋ፥ በሐረጎ ፊት ቆማ።

«ይህን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«የእኔ ነው።»

«እዚህ የተጻፈው ግን የዊዳድ ነው። የኮሌጁ ገጽ ነው። ሽልማትም አግኝቷል።»

«የአክስቴ ልጅ ናት።»

«ታዲያ አብራችሁ ነው የሠራችሁት?»

«አይደለም።»

«ልጄ፥ በየዓመቱ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚመጣ አለ» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት፥ ከጎን ያሉት እንዳይሰሙ። እኔ ግን ሰማሁት። ሌባ ነው ያሉኝ። በራሴ ሥራ ሌባ ተባልኩ።

ምን እንዳደረጋችሁት ልንገርዎት? ሥዕሉን አጋድማችሁታል። ከላይ ወደታች የሚወርደውን መንገዴን በጎኑ አስተኝታችሁ ቀዩን ሰማያዊ አድርጋችሁ «የባሕረ ሰላጤው ሞገድ» አላችሁት። ሐረጎን ባሕር አደረጋችሁት! የማሽላውን ቀለም፥ ጉሙን፥ ሁሉንም። ሲያጋድሙት ደግሞ አገጣጠሙ እንደሚፈርስ አላወቃችሁም። እኔ የሠራሁት ዓምዱ ግማሽ ዝቅ ብሎ እንዲገጥም ነው፤ በጎኑ ሲተኛ መስመሩ በየካሬው ጠርዝ ይበጠሳል። ለወይዘሮ ሰርክአዲስ ፎቶውን አጉልቼ «ይዩት፥ የሳለው ሰው እንዲህ አይቆርጠውም» አልኳቸው። አጎንብሰው አዩ። «ልክ ነሽ፥ ተበጥሷል» አሉ። «ግን የተበጠሰው ላይ ያለው ስም የእሷ ነው፤ አንቺ የያዝሽው ወረቀት ነው።»

ስመለስ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ሲታጠፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእኔ እጅ ያላለፈበት መታጠፊያ የለውም፥ ማየት አልቻልኩም።

ቀለሙን ለመለወጥ፥ መስመሩን ለማስተኛት የተከፈተው ፋይል ያስፈልጋል። እኔ አልላክሁም። ታዲያ ከየት አገኛችሁት? ሰርቆ አድርሶላችኋል ብዬ ሙዓዊያን ተጣላሁት። የሰውየውን ሻንጣ አስከፈትኩት፥ ምስኪን በቁርአን ማለ። አሁን አፍሬ በሱቁ በር ማለፍ አቅቶኛል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዊዳድ ሥራው የእኔ መሆኑን ለኮሌጇ ትናገር፥ ለፋብሪካውም ትጻፍ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ቦታውን እስከ ጥቅምት ክፍት እንዲያቆዩልኝ ለምኛቸዋለሁ። ሌላ ነገር አልጠይቅም። ሽልማቱን ትብላው፥ ሰማያዊውንም ትልበሰው። ስሜን ግን ትመልስልኝ።

አማና ብዬዎት ነበር።

ሩሚሳ


ሻርጃ
መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሚሳ፥

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ዘግይቼ መልስ መስጠቴ በንዴት የተጻፈ በንዴት እንዳይመለስ ነው። አንብቤ አስቀመጥኩት፥ አንብቤ አስቀመጥኩት።

ልጄ፥ አንቺ ገና ዓለምን አላየሽም። እዚህ አገር ያለ ስም ምንም ነው፥ ያለ ኮሌጅ ምንም ነው። ዊዳድ በዚያ ሥራ ተመርቃለች። በዚያ ሥራ ምክንያት ትልቅ ቤተሰብ፥ ዘራቸው ከሐድረመውት የሆነ ነጋዴዎች፥ ለልጃቸው ጠይቀዋታል። ኒካሑ ደርሷል። አሁን «የእኔ አልነበረም» ትበል? ማን ያገባታል? አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?

አጋድማችሁታል ስላልሽው፥ እውነት ነው እሷ ናት ያጋደመችው። ለባሕር ሰው መንገድ ምን ያደርግለታል? ሰው የሚወደውን አድርጋ ሰጠች። ቤተሰብ አንድ ጨርቅ ነው፤ አንዱ ክር «እኔ ነኝ» ቢል ጨርቁ ይተረተራል። ታብሌቱንስ ማን ገዛልሽ? ያለሱ ሐረጎ የት ነበር?

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፥ ሙዓዊያን አትበድይው። የተከፈተው በእኔ ስርቆት አልመጣም። የአባትሽን ቃል ይዤ ነው የወሰድኩት። ሙንዚር ከታብሌትሽ በፍላሽ ገልብጦ በሌላ መንገደኛ ላከ፥ ዓብደላ ፈቅዶ። ወንድሜ እንዳንቺ አልጨከነም፥ የልጁን መንገድ አስቦ ነው። አባትሽን ጠይቂው።

ነገሩ እንዲበርድ ዱዓ እንዲደረግ ተስማምተናል። የገራዶው ሼህ ኑርሁሴን ይመጣሉ፥ ወጪውን እኔ ልኬያለሁ። ሼሁ ዱዓ አድርገው ቤቱ ሁሉ አሚን ካለ በኋላ ነገሩን መልሶ ማንሳት ነውር መሆኑን ታውቂያለሽ፥ የወሎ ልጅ ነሽ። አሚን በይ፥ ልብሽም ይረፍ። ከኒካሑ በኋላ ትልቁን ታብሌት እልክልሻለሁ። የሙንዚርም ቪዛ ከዱዓው ማግስት ይደርሳል ኢንሻአላህ።

አብሽሪ። ሁሉ ያልፋል።

አክስትሽ ሁስኒያ


ደሴ
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትየ ሁስኒያ፥

አባቴን ጠይቂው ብለውኝ ነበር። ጠየቅኩት።

ሱቅ ውስጥ ጣቃ እየለካ ነበር። «አባየ፥ የተከፈተውን አንተ ነህ የሰጠሃቸው?» አልኩት። መለካቱን አላቆመም። ለካ፥ መልሶ ለካ፥ የለካውን ረሳው። «እህቴ ለመነችኝ» አለ። «የልጅቱን ፈተና ልታሳልፍበት ነው፥ የሚያየው የለም አለችኝ። ለወንድምሽ ብዬ ነው።» ከዚያ «አንቺ እኮ ሌላ ትስያለሽ» አለኝ። ይህችኛዋ ናት የገደለችኝ፥ እትየ። ጮኼ ሐረጎ የገጠመ ዕለት እዚያው ቆሞ ነበር። ሌላ ትስያለሽ።

ሙንዚር ቀና ብሎ አላየኝም። ክረምቱን ሙሉ ሙዓዊያን ሌባ ነው ስል አብሮኝ ሲሳደብ የነበረው ሙንዚር! ሙዓዊያ ቤት ሄጄ አፉ በለኝ አልኩት። «ሻንጣዬን ስታስከፍቺ ካልሲዬን ሁሉ ቆጥረሻል፥ በዚያው ታጥቢው ነበር» ብሎ ሳቀብኝ። ይቅርታ ያገኘሁት ካልበደለኝ ሰው ብቻ ነው።

ዱዓው ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ነበር። ሰው ሞላ። ወንዶቹ ሳሎን ጫት ይዘው፥ እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ወዲያ። ሼህ ኑርሁሴን እጃቸውን ዘረጉ።

«አላህ ይህን ቤት ያቅናው።»

«አሚን!»

«ለታመመው ዓፊያ ይስጥ፥ ለመንገደኛው መንገዱን ያብጅ።»

«አሚን!» እኔም ብያለሁ፥ ለሙንዚርም ቢሆን።

«ሁስኒያንና ሩሚሳን አላህ አስታረቃቸው፥ ነገራቸውም እዚህ ምንጣፍ ላይ ቀረ በሉ።»

ቤቱ በአሚን ተናጋ። እኔ ዝም አልኩ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «በይ እንጂ፥ አንቺ የጉድ ልጅ!» አለች በጥርሷ።

ሼሁ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ከመጋረጃው ወዲያ አንድ አሚን ጎደለኝ» አሉ።

አንዱ ሳቀ፥ «ሼሁ አሚን ይቆጥራሉ እንዴ?» አለ።

«የጎደለው ይሰማኛል። ሩሚሳ ነሽ?»

«አዎ፥ አባባ።»

«አኩርፈሽ ነው?»

«አላኮረፍኩም። አሚን ካልኩ ሥራዬ የዊዳድ ነው ማለቴ ነው። በአላህ ፊት እንዴት ልዋሽ?»

የአባቴ አጎት «ሴት ልጅ በዱዓ መሀል!» ብሎ ተቆጣ። ሼሁ ዝም አሰኙት። ወደ አባቴ ዞሩ። «ዓብደላ፥ ሥራው የማን ነው?»

«የቤተሰብ ነው፥ ሼህ» አለ አባቴ።

«ቤተሰብ ብዕር አይዝም። የማን እጅ ሳለው?»

አባቴ ምንጣፉን አየ። ወላሂ ያን ጊዜ አንዲት ቃል ቢል ኖሮ፥ «የሩሚሳ» ቢል ብቻ፥ እርስዎንም ዊዳድንም ትቼ ዝም ብዬ እተኛ ነበር። አላለም። በሙሉ ቤት ፊት ለሁለተኛ ጊዜ አሳልፎ ሰጠኝ።

ሼህ ኑርሁሴን እጃቸውን ፊታቸው ላይ ሳያብሱ አጠፉ። «ሐቅ ተቀምጦ ዱዓ አልዘጋም» አሉ። «ሐቋን ስትሰጧት ጥሩኝ።» ጫማቸውን ጠይቀው ወጡ። በላኩት ብር የተገዛው ሙክት እንደታሰረ አደረ፥ ማንም ሊያርደው ደፍሮ አልተነሳም።

ስለዚህ እትየ፥ ዱዓው አልተዘጋም። ሰው ቢጠይቅዎት ይህንን ይንገሩ።

ስለ ታብሌቱ ጠይቀውኛል። አልመልሰውም። ሲልኩልኝ ስጦታ ብለውኛል፤ ዋጋው ሐረጎ ነው ቢሉኝ ኖሮ ሳልከፍተው በሙዓዊያ እጅ እመልሰው ነበር። ጨርቁንና ክሩን በተመለከተ ደግሞ፥ ጨርቅ የተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ክር ብቻ እየሳቡ የሚሠራ ጨርቅ የለም። ሲስቡት ይጨማደዳል፥ ከዚያ ይበጠሳል።

የእናንተን መልስ ስጠብቅ ከርሜ ሰኞ ታብሌቱን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ታብሌቱ ስንስል መስመሩን ሁሉ በቪዲዮ ይይዛል፤ ሰዎች ይህን አያውቁም፥ ዊዳድም ያወቀች አልመሰለኝም። ለወይዘሮ ሰርክአዲስ ከፈትኩላቸው። የመጀመሪያዋ መስመር ስትሳል አዩ፥ ስሳሳት አዩ፥ ተናድጄ ሁሉንም ስሰርዝ አዩ። ዓምዱ ግማሽ ዝቅ ብሎ ሲገጥም «ኧረ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ ተቀመጡ። «አምኜሻለሁ» አሉኝ። «በመጀመሪያው ቀን ለተናገርኩሽ አፍራለሁ። ግን የእኔ ማመን ፋብሪካውን አያሳምነውም። ያ ኮሌጅ የእሷን ስም ከሥራው ላይ ካላነሳ ይህን ጨርቅ አናትምም፥ በሌላ ሰው ስም በተሸለመ ሥራም ልቀጥርሽ አልችልም። ሌላ ሥዕል ካለሽ አምጪ።»

ሌላ አለኝ። ሌላ እስላለሁም፥ አባቴ እንዳለው። ግን ሌላውንስ ማን ይሰጠው ይሆን? ዛሬ ሐረጎን ከተውኩት ከእንግዲህ የምስለው ሁሉ ለወሰደ ነው። ስለዚህ ሌላ የለኝም አልኳቸው።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ልትጽፊ ነው አይደል፥ ለዚያ ኮሌጅ?»

«ልጽፍ ነው።»

«እኔንም ትጠሪኛለሽ?»

«እንዴት እንደተወሰደ ይጠይቁኛል፥ አባየ። አልዋሽም።»

«እኔ እንደሰጠሁ ጻፊ» አለኝ። «ሙንዚርን አታንሺው፥ ልጅ ነው። እኔ አዘዝኩት።» ይህንን ምን ልበለው? ለሙንዚር ዛሬም ጋሻ ሆነ። ለእኔ በሼሁ ፊት አንዲት ቃል ያጣ ሰው። ቢሆንም እንዳለው ጻፍኩት፥ ሙንዚርን አላነሳሁም። ሙንዚር ግን አያናግረኝም። «ቪዛዬን አቃጠልሽው» ብሎኛል። ካሁን ቀደም የተቃጠለውን አልጠየቀኝም።

የዊዳድን ኒካሕ አስቤበታለሁ፥ አላሰብሽም እንዳይሉኝ። እሷ ሲያጨበጭቡላት እኔ ኮምቦልቻ ሌባ ተብዬ እንደቆምኩ አልነገሯትም ይሆናል። አሁን ታውቀዋለች። ሰውየው የሚያገባት ለራሷ ከሆነ ያገባታል። ለሐረጎ ከሆነ ግን ሐረጎ እዚህ ነው፥ ደሴና ኮምቦልቻ መሀል።

ይህ ወረቀት በሙዓዊያ ሻንጣ ቀስ ብሎ ይመጣል። ለኮሌጁ የጻፍኩት ግን ዛሬ ጠዋት ከነቪዲዮው ሄዷል፥ መድረሱንም አረጋግጠውልኛል። እርስዎ ይህን ሲያነቡ እነሱ ካነበቡት ሰንብቷል። ላስጠነቅቅዎት አልፈለግሁም። እናንተም አላስጠነቀቃችሁኝም።

ሰላምታ የአላህ ነው፥ የእኔ ቢሆን እነፍግዎት ነበር። ወሰላሙ ዓለይኩም።

ሐረጎን የሳለችው
ሩሚሳ ዓብደላ